የእንሽላሊት ቅርፊት በማይክሮስኮፕ፦ ጥቃቅን እሾሆቹ ለምን አልታዩኝም?

ጥያቄ፦
እንሽላሊት ገፎ የጣለውን ቆዳ በውኃ ጠብታ ውስጥ አድርጌ፣ 400 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ተመለከትሁ። ቅርፊቶቹና በመካከላቸው ያለው ስስ መጋጠሚያ በግልጽ ታዩኝ፤ በቅርፊቱ ገጽ ላይ አሉ የሚባሉት ጥቃቅን እሾሆችና ሸንተረሮች ግን የሉም። ስሕተቱ ከአዘገጃጀቴ ነው ወይስ ከመሣሪያው? ደግሞስ ቅርፊቱ እንደ ዓሣ አንድ በአንድ የማይነቀለው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው መልስ፦
ከሁለቱም ነው። ውኃ በእሾሆቹ መካከል ሲገባ በእሾሆቹና በዙሪያቸው ባለው ነገር መካከል ያለው የብርሃን አሰባበር ልዩነት ስለሚቀንስ ገጹ ልሙጥ ይመስላል። ቆዳውን አድርቀው፣ ያለ ውኃ በስስ መስታወት ሸፍነው፣ ከናሙናው በታች ያለውን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ አጥብበው ይሞክሩ። እንዲህም ሆኖ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች የተቀራረቡ ነጥቦችን መለየት ስለማይችል፣ የእሾሆቹን ቅርጽ በትክክል ለማየት ናሙናው በስስ ወርቅ ተለብጦ በብርሃን ፋንታ የኤሌክትሮን ጨረር በሚጠቀመው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መታየት ይኖርበታል።

ሁለተኛው መልስ፦
እኔ በቅድሚያ የምጠይቀው የትኛውን ገጽ እንዳዩ ነው። ቆዳው ከመገፈፉ በፊት አዲሱ ሽፋን ከአሮጌው ሥር ይሠራል፤ የአዲሱ እሾሆችም በአሮጌው የታችኛ ሕዋሳት ውስጥ ተሰክተው ቆይተው በመጨረሻ ይላቀቃሉ። ስለዚህ የተጣለው ቆዳ የውስጥ ገጽ የአዲሱን አሻራ ይዞ ይቀራል። የውጪው ገጽ በአፈርና በመፋተግ አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ናሙናውን ገልብጠው ሁለቱን ያነጻጽሩ።

ሦስተኛው መልስ፦
የዓሣ ቅርፊት በቆዳው ውስጥ ለብቻው የበቀለ አጥንት መሰል ዝርግ ስለሆነ ይነቀላል፤ የእንሽላሊት ግን የራሱ የቆዳው እጥፋት ነው፤ ውጩ ቤታ ኬራቲን በሚባለው ፕሮቲን ይጠነክራል፣ መጋጠሚያው በአልፋ ኬራቲን ይተጣጠፋል። በዝግመተ ለውጥ ረገድ፣ በ2016 የታተመ ጥናት የእንሽላሊት፣ የእባብና የአዞ ቅርፊት በፅንስ ጊዜ የሚጀምረው ልክ እንደ ላባና እንደ ፀጉር ከወፈረች ትንሽ የቆዳ ነጥብ መሆኑን አሳይቷል፤ ኢዲኤ የተባለው ዘረመል የተበላሸበት ፂማም ድራገን የሚባል እንሽላሊት ቅርፊት አልባ ሆኖ ያድጋል።

በመጀመሪያው መልስ ላይ አንድ ማስተካከያ አለኝ። ናሙናው በግድግዳ ላይ የሚወጣው ጌኮ የሚባል እንሽላሊት ጣት ከሆነ የብርሃኑ ማይክሮስኮፕ አይናቅም፤ በዚያ እሾሆቹ ረዝመው፣ ቶኬ በሚባለው የጌኮ ዝርያ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ የሚደርሱ ፀጉሮች ሆነዋልና የሚያመልጠው የጫፋቸው ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

ጠያቂው፦
ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አድርቄ፣ ገልብጬ አየሁት፤ ቅርጹ ባይለይም ገጹ እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በነጠብጣብ ተሞልቶ ታየኝ።