ቡችላዬ የዶሮ አንገት ሳታኝክ ትውጣለች፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ቡችላዋ የ3 ወር ናት፤ 2.5 ኪሎ ትመዝናለች። በቀን 150 ግራም ያህል ጥሬ ምግብ ትበላለች፤ የአጥንቱ ድርሻ 10 በመቶ ገደማ እንዲሆን አንድ ትንሽ የዶሮ አንገት ከነቆዳው እሰጣታለሁ፤ 40 ግራም ይሆናል፣ ሲሶው አጥንት ነው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ አይታሰብም፤ የበሬ ቅልጥምም ጥርስ ይሰብራል።

ያስቸገረኝ አበላሏ ነው። አንድ ሁለቴ ነከስ ታደርግና ሙሉውን ልትውጥ ትሞክራለች። ጉሮሮዋ ላይ ይቀርና አንገቷን ዘርግታ ያንቃታል፤ በጣም ያስፈራል። ጫፉን በእጄ ስይዝላት እንዳይወሰድባት ይበልጥ ትቸኩላለች። ቀጥቅጬ ስሰጣት ይወርድላታል፣ ግን ማኘክ አትለምድም። በዚያ ላይ አንገቱን ሁለት ካደረግኩት ሰገራዋ ነጭና እንደ ኖራ የሚፈረፈር ይሆናል፤ አጥንት ሲበዛ የሚመጣ ድርቀት ነው።

ከአፏ የሚተልቅ ነገር፣ ለምሳሌ ሙሉ የዶሮ ክንፍ፣ ብሰጣት ለማኘክ ትገደዳለች? ወይስ የወተት ጥርሷ ተቀይሮ እስኪያልቅ፣ እስከ 6 ወር ገደማ፣ የተቀጠቀጠውን ልቀጥል? በከፊል የቀዘቀዘ አንገትስ ያዘገያት ይሆን? ፍሪዘር ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ እንደማይገድል አውቃለሁ፤ የፈለግኩት ጥድፊያዋን እንዲያበርድልኝ ብቻ ነው። ትንሽ ውሻ በጥሬ አጥንት ያሳደጋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።