«በደብተር ብራንድ አይገነባም» ተባልኩ

የቡሬዋ፦ ቅዳሜ ማርቆስ ላይ ለነጋዴ የዲጂታል ማርኬቲንግ ስልጠና አለ ተብሎ ከቡሬ በሌሊት ተነስቼ ሄድኩላችሁ። በርበሬና ሽሮ አሽጌ ነው የምሸጠው። አሰልጣኙ ደንበኞችሽን በምን ትይዣቸዋለሽ ሲለኝ ስልካቸውን በደብተር እጽፋለሁ፣ የማን ቤት በርበሬ መቼ እንደሚያልቅ ስለማውቅ ሳያልቅባቸው እደውላለሁ አልኩት። ሳቀ። አዳራሹም አብሮ ሳቀ። «በደብተር ብራንድ አይገነባም፣ ፌስቡክም ሞቷል፣ ዛሬ ቲክቶክ ላይ ያልታየ የለም ማለት ነው» አለኝ። እኔ እንግዲህ የለሁም። 340 ቤት በርበሬ የሚልከው ታዲያ ማነው፣ ዛር ነው?

አባይ ማዶ፦ እህቴ መሳቁ ነውር ነው፣ ያለው ግን ልክ ነው። እኔ ባህር ዳር ልብስ ነው የምሸጠው፣ ድሮ ፔጅ ላይ ፎቶ ለጥፈህ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለህ ትተኛለህ፣ ጠዋት ሃያ ሰው ጠይቆህ ታገኛለህ። አሁን እንደዛ ብትል ዝንብም አይመጣም። ራስህ ለብሰኸው፣ ዋጋውን በአፍህ ተናግረህ፣ በመጀመሪያዋ ሦስት ሰከንድ ሰውየውን ካልያዝከው አለፈህ። በደብተር አይገነባም የሚለው ይጎረብጣል እንጂ እውነት ነው።

የማርቆስ ልጅ፦ ኪኪኪ አሰልጣኙ ተወካይ ልኳል። ወንድሜ በ2015 የት ነበርክ? የካቲት ላይ ፌስቡክ ቲክቶክ ቴሌግራም ዩትዩብ ሲገደብ አምስት ወር በቪፒኤን ስንዳክር ከረምን፣ ሐምሌ ላይ ተፈታ ብለን እፎይ ሳንል ወሩ ሳያልቅ የሞባይል ዳታው ራሱ ጠፋ። ያልታየ የለም ከሆነ ያኔ ጎጃም ውስጥ አንድም ነጋዴ አልነበረም ማለት ነው።

አባይ ማዶ፦ እሱ የሁሉም ችግር ነበር፣ ለማርኬቲንግ ምሳሌ አይሆንም።

የቡሬዋ፦ ኧረግ! ለምን አይሆንም? ያኔ ያተረፈኝ ደብተሩ ነው። መስመር ባለ ሰዓት እየጠበቅኩ በቀጥታ እደውላለሁ፣ መኪና ባለፈ ቀን እልካለሁ። ቪዲዮ ሲሰሩ የነበሩት ጎረቤቶቼ ደንበኛቸው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም፣ የሚያውቁት ላይኩን ነው።

ዋሸራ፦ እዚህ ቃል ላይ ሰምና ወርቅ አለ። ደብተር የያዘ እኛ አገር ደብተራ ነው፣ ደብተራ ደግሞ ይፈራል እንጂ አይሳቅበትም። እትዬ የቡሬዋ፣ እስቲ ለአሰልጣኙ አንድ ነገር ይድገሙበት።

የማርቆስ ልጅ፦ ኪኪኪኪ ምላሱን ይሰርልን

የቢቸናው፦ ቀልዱን ለጊዜው ተዉትና፣ እኔ ስለ ጤፍ የምጽፍበት 41 ሺህ ፎሎወር ያለው ፔጅ አለኝ። ዛሬ ብለጥፍ ስምንት መቶ ሰው አያየውም። ፌስቡክ አልሞተም፣ በሩን ነው የዘጋው። ዙከርበርግ በፈረንጆች 2018 መባቻ ላይ ከፔጅ ይልቅ የወዳጅ ዘመድ ጽሑፍ አስቀድማለሁ ብሎ በግልጽ ተናግሯል፣ እኛ ነን ያልሰማነው። ዓመት ሙሉ ሰው ስሰበስብ የሰው መሬት በእኩል እያረስኩ ነበር። የእኛ አገር ባለመሬት እንኳ እኩሌታውን ይተውልሃል፣ ይሄ ጠቅልሎ ወስዶ ቃርሚያዋን ደግሞ ቡስት አድርገህ፣ ለማስታወቂያ ከፍለህ ግዛ ይልሃል።

ዳሞት፦ ቡስቱስ በምን ብር? ሐምሌ 2016 ዶላሩ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በአምስት መቶ ብር የምሰራው ማስታወቂያ አንድ ሺህ ሆነ።

የማርቆስ ልጅ፦ ውሸትህን ነው፣ ቡስት አድራጊው በፊትም በባንክ ዋጋ መቼ ቆጥሮልህ ያውቃል፣ በጥቁር ገበያ ነበር የሚያስከፍልህ።

ዳሞት፦ የኔን ኪስ አንተ ነህ የምታውቀው?

አባይ ማዶ፦ ለዚህ እኮ ነው ቲክቶክ የምላችሁ፣ ፎሎወር ሳይኖርህም ቪዲዮህ ጥሩ ከሆነ ለማታውቀው ሰው ይደርሳል። በነጻ።

የቢቸናው፦ ለጊዜው። ፌስቡክም ሲጀምር በነጻ ነበር። ሕንድ በፈረንጆች 2020 ቲክቶክን ባንድ ቀን ስትዘጋ እዚያ ላይ ብቻ የነበሩት ሻጮች ምን ሆኑ?

አባይ ማዶ፦ ኢንስታግራም በወሩ የራሱን አጭር ቪዲዮ፣ ሪልስን፣ ከፈተላቸው፣ ሄዱ! መላመድ ማለት እኮ ይሄ ነው።

የቢቸናው፦ እነሱ ሄዱ። ደንበኛውስ አብሮ ሄደ? ስልኩን ካልያዝክ ማን ብለህ ትጠራዋለህ፣ «አንተ ሰባት ሺህ ሦስተኛው ፎሎወር» ብለህ?

የመርካቶው፦ ይቅርታ ግን የቡሬ በርበሬ የማረቆን ያህላል እንዴ?

የቡሬዋ፦ አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?

የመርካቶው፦ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። የማረቆው ቀለሙ ሌላ ነው።

ዳሞት፦ ቀለሙን ምጣድ ላይ እናየዋለን። አርፈህ ተቀመጥ።

አባይ ማዶ፦ ወደ ደብተሩ እንመለስ። እሺ እትዬ፣ ደብተርሽ ላይ ያሉት እናቶች ናቸው አይደል? እነሱ ሲያረጁ ማን ይተካቸዋል? የዛሬ ልጅ እናቱ በርበሬ ከማን እንደምትገዛ አያውቅም፣ ስልኩ ላይ ያየውን ነው የሚያዘው። ደብተር ያለውን ይጠብቃል፣ አዲስ ሰው ግን አያመጣም። ይሄን መልሺልኝ።

የቡሬዋ፦ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ሆነው ይደውሉልኛል፣ ቁጥሬ ከረጢቱ ላይ አለ። በቴሌብር ይልካሉ፣ እኔ በመኪና እልካለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር ከ340ው እንደዚህ የመጡት አርባ አይሞሉም። እሱ ያሳስበኛል፣ አልዋሽም።

የማርቆስ ልጅ፦ እትዬ አይመኑለት፣ አፍዎን ሊያስከፍት ነው።

ዋሸራ፦ ደብተሩ ቢጠፋስ ግን?

የቡሬዋ፦ ግልባጩ እናቴ ጋ ነው።

ዳሞት፦ ፎቶ አንስተሽ ቴሌግራም ላይ አስቀምጪው

የማርቆስ ልጅ፦ ኪኪኪ ዞሮ ዞሮ ቴሌግራም

አባይ ማዶ፦ በነጻ ልስራልሽ። ዛላው ሲለቀም፣ ሲቀነጠስ፣ ሲደለዝ፣ ሲወቀጥ፣ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ። መቶ ሺህ ሰው ካላየው ከዚህ ግሩፕ እወጣለሁ።

የቡሬዋ፦ መቶ ሺህ ሰው ቢያየው በርበሬው ከየት ይመጣል? የዘንድሮው ጠቅላላ አሥራ ሁለት ኩንታል ነው። ላላደርስ ሰው ልጥራ? ሲያጣኝ ደግሞ ኮሜንት ላይ ሌባ ይለኛል፣ ያ ነው ብራንድ?

አባይ ማዶ፦ እሱ የአቅርቦት ችግር ነው፣ የማርኬቲንግ አይደለም።

የቢቸናው፦ ደንበኛው ግን ሁለት ሆነህ አያይህም።

አባይ ማዶ፦ እናንተ ጋ ማንም አይችልም። ቪዲዮውን ለማንኛውም መጥቼ እቀርጻለሁ፣ ከፈለግሽ ትለጥፊዋለሽ።

የቡሬዋ፦ ና፣ ምሳ አለ። ስልክህን ግን በደብተር እጽፈዋለሁ።

የመርካቶው፦ ማረቆ ነው የሚበልጠው።