የፍርስራሹን ቢያጆ (የመኪና ምልልስ) የሚቀንስ ምን ዘዴ አለ?

ጠያቂ (ሳይት መሐንዲስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ጂ+7 የሪል እስቴት አፓርታማ ነው። ስትራክቸሩ አራተኛ ወለል ደርሷል፤ ከታች ግንብና ልስን ተጀምሯል። ለፍርስራሽ ብቻ በየሳምንቱ መኪና እንከራያለን፦ ግማሹ የብሎኬት ስባሪ፣ የቀረው የደረቀ ልስን፣ አፈር የተቀላቀለበት አሸዋና ቁርጥራጭ ፌሮ። ማቴሪያል የምናቀርበው እኛ ነን፤ ግንበኛውና ፌራዮው (ፌሮ ሠራተኛው) የያዙት ጉልበቱን ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ 1 (ቢሮ መሐንዲስ)፦
ውዱ ፌሮ ስለሆነ ከእሱ ጀምር። ፌራዮ የመቁረጫ ዝርዝር ካልተሰጠው እጁ ከደረሰበት ዘንግ ይቆርጣል። ዘንጉ 12 ሜትር ነው። የወለሉ ከፍታ 3 ሜትር፣ ድራቢው (ፌሮ ከፌሮ ሲቀጠል የሚደራረበው ርዝመት) በዲዛይኑ 50 ዲያሜትር፣ ማለትም የፌሮው ውፍረት 50 እጥፍ ነው እንበል። የ20 ሚሊ የኮለን (የምሰሶ) ፌሮ 4 ሜትር ይመጣል፤ ከአንድ ዘንግ ሦስት ይወጣል፣ ትርፍ የለውም። የ16 ሚሊው ግን 3.80 ስለሆነ ከየዘንጉ 60 ሳንቲም ይተርፋል፤ ይህ 5 በመቶ ነው። ያንን ለቁራሌ ከመሸጥ የሶሌታውን (የወለሉን ኮንክሪት) የላይኛ ፌሮ የሚደግፍ እግር አድርገህ እጠፈው። ብረት ለመቆጠብ ብሎ ድራቢውን ማሳጠር ግን በፍጹም አይሞከርም።

መልስ 2 (የግንባታ ተቆጣጣሪ)፦
የፌሮው ትክክል ነው፤ ቆሻሻው ግማሹ ብሎኬት ከሆነ ግን ጥፋቱ ያለው ውሉ ላይ ነው። ግንበኛው በካሬ እየተከፈለው ብሎኬቱ የእናንተ ከሆነ፣ ሙሉውን በመዶሻ መትቶ ግማሽ ማውጣት ምንም አያስከፍለውም። ውሉ ላይ 5 በመቶ ስብራት ፍቀዱ፣ ከዚያ ያለፈው ከክፍያው ይቀነስ። ከመኪና ሲራገፍ የተሰበረውን ግን በግንበኛው ላይ አትጫኑበት፤ ስቶር ኪፐሩ እዚያው ቆጥሮ በአቅራቢው ስም ይመዝግብ። ጠርዙ በጥፍር ሲፋቅ የሚረግፍ ከሆነ ውሃ በደንብ ሳይጠጣ የመጣ ነው፤ መልሱት።

ግማሽ ብሎኬት ለብቻው እዘዙ። ረድፉንም ቀድማችሁ አስሉ፦ 20 ሳንቲም ብሎኬትና 1 ሳንቲም ሙርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) ሲደመር 21 ነው፤ ከቢም (ከአግዳሚው ተሸካሚ) በታች 2.52 ሜትር ካለ ልክ 12 ረድፍ ይገባል። 2.60 ከሆነ የቀረችው 8 ሳንቲም በስባሪና በሙርታር ትጠቀጠቃለች፣ ግንበኛው ለእሷ ሲል ሙሉ ብሎኬት ይፈልጣል። ኤሌክትሪሻኑም ግንቡ ካለቀ በኋላ በመሮ እንዳይፈለፍል የቱቦው መስመር ቀድሞ ይሰመርለት፤ ቦዩ በግራይንደር ይቆረጥ።

መልስ 3 (የፊኒሺንግ ፎርማን)፦
ትልቁን ብክነት መኪናው ላይ አታዩትም፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነው የሚቀረው። ግንቡ ቱምቢውን ከሳተ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ ካልቆመ፣ 1.5 ሳንቲም መሆን የነበረበት ልስን 3 ይደርሳል። በ100 ካሬ ላይ ይህ 1.5 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ሙርታር ነው! ስለዚህ ቱምቢው ሳይፈተሽ ልስን አይጀመር። ግድግዳው ሥር ጣውላ ይነጠፍና የወደቀው ሳይደርቅ ይነሳ። ሙርታር በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይቦካ፤ ጠዋት የተቦካ ክምር ከምሳ በኋላ ውሃ ቢጨመርበትም ጥንካሬው አይመለስም።

አሸዋውስ? 16 ሜትር ኩብ መሬት ላይ ሲገለበጥ 24 ካሬ ያህል ይይዛል። የታችኛው 10 ሳንቲም ከአፈር ጋር ከተደባለቀ 2.4 ሜትር ኩብ ጠፋ፣ ይኸውም 15 በመቶ ነው። 5 ሳንቲም ስስ ኮንክሪት አንጥፋችሁ ሦስቱን ጎን በብሎኬት ክበቡት፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሸራ አልብሱት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የተከማቸውን ስባሪ ፈጭተን ለኮንክሪት በጠጠር ምትክ ብንጠቀምበትስ?

መልስ 2፦
ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ አይሆንም፤ የብሎኬት ስባሪ ደካማ ነው፣ ውሃም ይጠጣል። ለሳይቱ መንገድና ከምድር ቤቱ ወለል ሥር ለሚገባው ሙሌት ግን ይሠራል። ከጡጫ የሚበልጠውን ሰባብሩ፣ በ20 ሳንቲም ንጣፍ እያረጠባችሁ ጠቅጥቁ። ጀሶ፣ እንጨትና የሲሚንቶ ከረጢት ከመጀመሪያው ለየብቻ ይከማቹ፦ እንጨቱ ሲበሰብስ ወለሉ ይሰምጣል፣ ጀሶው ሲረጥብ ሰልፌቱ ከላይ ያለውን ኮንክሪት ይበላዋል።