ጎያ በቤቱ ግድግዳ ላይ የሣላቸው «ጥቁር ሥዕሎች» ለሕዝብ መታየት ይገባቸዋልን?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን የስፔናዊው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ የእርጅና ዘመን ሥራዎች ናቸው። ጎያ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1819 ከማድሪድ ወጣ ብሎ፣ ከማንዛናሬስ ወንዝ ማዶ አንድ ቤት ገዛ። በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት በቤቱ ሁለት ፎቆች ግድግዳ ላይ 14 ሥዕሎችን ሣለ፤ በፍየል መልክ የተቀመጠ ሰይጣንን የከበቡ ጠንቋዮች፣ ልጁን የሚበላ ሽማግሌ፣ ጭር ባለ ምድር ላይ የሚንሳፈፉ ፍጡራን ይገኙባቸዋል። እርሱ ከሞተ 46 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1874፣ ሥዕሎቹን ከግድግዳው እያነሡ ወደ ሸራ ማዛወር ተጀመረ፤ ዛሬ በፕራዶ ሙዚየም ይታያሉ። ሠዓሊው ለሽያጭም ለኤግዚቢሽንም ያላቀረበውን ሥራ አደባባይ ማውጣት ተገቢ ነበርን?

ደጃፍ፦ ተገቢ አልነበረም ባይ ነኝ። ጎያ ሥራውን ለሕዝብ ማቅረብ የማያውቅበት ሰው አልነበረም፤ በ1799 «ካፕሪቾስ» የተባሉትን 80 የህትመት ሥዕሎች በጋዜጣ አስነግሮ ለገበያ አውጥቷል። ፕራዶም ቢሆን የተከፈተው እርሱ ቤቱን በገዛበት በዚያው ዓመት ስለሆነ፣ መስቀያ አጥቶ ነው አይባልም። እነዚህን ግን ተነቅሎ ሊሸጥ በማይችል ልስን ላይ ሣላቸው፤ በ1824 ወደ ፈረንሳይ ሲሄድም እዚያው ትቷቸው ሄደ። የምንጠራባቸው ስሞች እንኳ በሌሎች የተሰጡ ናቸው። መስማት የተሳነውና ከከባድ ሕመም ያገገመ፣ ዕድሜው ከ70 ዓመት ያለፈ አዛውንት ስለ ሞትና ስለ መናፍስት ከራሱ ጋር ያወራውን እኛ ቲኬት ቆርጠን እናዳምጣለን።

ቡሩሽ፦ ግድግዳ የግል ማስታወሻ ደብተር አይደለም፤ ቤት እንግዳ ይገባበታል። ጎያ ቤቱን በ1823 ለልጅ ልጁ ሲያስተላልፍ ሥዕሎቹንም አብሮ እንደሚያስተላልፍ አይጠፋውም። ማንም እንዳያያቸው ቢፈልግ ኖራ ማስቀባት ይበቃው ነበር። ሥዕሎቹ በራጅ ሲመረመሩ ከበርካታዎቹ ሥር ሌሎች መልክዓ ምድሮች ተገኝተዋል፤ የታችኞቹም የእርሱ ከሆኑ፣ በዚያ ግድግዳ ላይ ያልወደደውን መሸፈን እንደሚያውቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ቤቱ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፈርሷል፤ ባይነሡ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ራሱ አይኖርም ነበር።

ጥላ፦ ከእኔ በፊት የጻፉት ሁለቱም፣ ሥዕሎቹ የአንድ ሰው የብቻ ቅዠት መሆናቸውን ሳይመረምሩ ተቀብለውታል። እኔ አልቀበለውም። ጎያ ጠንቋዮችን የጀመረው በእርጅናው አይደለም፤ በ1797 እና በ1798 ለኦሱና መስፍንና ለባለቤታቸው ስድስት የጥንቆላ ሥዕሎች ሠርቷል፤ እነዚያ ባልና ሚስት ደግሞ አጉል እምነትን በሚተቹ ምሁራን የተከበቡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን እናስታውስ፦ ከ1808 እስከ 1814 የዘለቀው ጦርነት፣ በመካከሉ ማድሪድን የመታው ረኃብ፣ ከጦርነቱም በኋላ ንጉሥ ፈርዲናንድ ሰባተኛ ተመልሶ ኢንኩዊዚሽን የተባለውን የሃይማኖት ችሎት እንደገና ማቋቋሙ። ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን ማየት ብቻ ይበቃል። በ1788 ጎያ በወንዙ ዳር የሚከበረውን የቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ሲሥል ሜዳው በፀሐይ የተሞላ፣ ሕዝቡም ጃንጥላ ይዞ የሚዝናና ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ያንኑ በዓል በቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሥለው፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ አፋቸውን የከፈቱ ሰዎች ተጨናንቀው በጨለማ ኮረብታ ይወርዳሉ። በዓሉ ያው፣ አካባቢው ያው ነው፤ የተለወጠው የሕዝቡ ፊት ነው። ይህን የአንድ በሽተኛ የሞት ፍቅር ነው ብሎ ማለፍ፣ ሠዓሊው በሀገሩ ላይ የሰጠውን ምስክርነት ማፈን ይመስለኛል፤ ምስክርነት ደግሞ የሚሰጠው በአደባባይ ነው። (ባዶ ሰማይ ሥር አንገቱን ብቻ ብቅ ያደረገውን ውሻ ግን በዚህ መንገድ መፍታት እንዳልቻልሁ አልክድም።)

አንባቢ፦ ልጆች ሊያዩት የሚገባ ነገር አይደለም የሚል ክርክርም እሰማለሁ። ይህ ለወላጅ የሚተው ጉዳይ ነው።

ደጃፍ፦ ውሻውን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። ሥዕሉ ከግድግዳው ከመነሣቱ በፊት በ1874 ገደማ ዣን ሎሮን ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ፣ ዛሬ ባዶ በሆነው ቦታ አንዳች ቅርጽ ያለ ይመስላል፤ ምንነቱ አሁንም ያከራክራል። ከጠንቋዮቹ ጉባኤም በቀኝ በኩል ከአንድ ሜትር በላይ ተቆርጦ ወድቋል። በዝውውሩ የተጎዳውን ቀለም የዕድሳት ባለሙያው ማርቲኔዝ ኩቤልስ በራሱ ቡሩሽ ሞልቶታል። እንግዲህ ምስክር ነው ካሉ፣ ቃሉን ሌላ ሰው አርሞ የጻፈለት ምስክር መሆኑንም አብረው ይቀበሉ።

ቡሩሽ፦ ጉዳቱን አልክድም፤ ነገር ግን መፍትሔው መደበቅ ሊሆን አይችልም። ከእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ የሎሮን ፎቶግራፍ ይሰቀል፤ ስሙ በጎያ ያልተሰጠ መሆኑ ይጻፍ፤ ተመልካች የትኛው የጎያ፣ የትኛው የጠጋኙ እጅ እንደሆነ ራሱ ይመዝን።

ደጃፍ፦ የፎቶግራፉን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ሥዕሎቹ አንዴ ከወጡ በኋላ ከዚህ የተሻለ የሚደረግ የለም። በ1874 ግድግዳውን መንካት ተገቢ ነበር የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም።