ማሲንቆ የምትጫወት ልጄ የትኛውን ኮሌጅ ትምረጥ?

የጣና ዳር መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የመጨረሻዋ ልጄ ዘንድሮ ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ልታመለክት ቆርጣለች፤ የምትማረውም ምሕንድስና ነው። ፈተናው፣ ገንዘቡና ቪዛው የየራሳቸው ጭንቅ አላቸው፤ እነርሱን ለጊዜው ልተዋቸውና ያልገባኝን አንድ ነገር ልጠይቅ።

ማመልከቻው ኮሌጅ ምረጡ ይላል። መጀመሪያ እንደ እኛ አገር መስሎኝ ነበር። እዚህ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የገባ ምሕንድስና ይማራል፣ ዘንዘልማ ግቢ የገባ ግብርና ይማራል፤ የምናውቀው ይህንኑ ነው። እዚያ ግን ኮሌጅ ማለት ተማሪው የሚያድርበት፣ የሚመገብበት፣ ከመምህሩም ጋር ሁለት ሦስት ሆኖ ተቀምጦ የሚማርበት ቤት ነው አሉ። የሕጉም የሕክምናውም የሒሳቡም ተማሪ በአንድ ግቢ ያድራል። እንዲህ ያለው ቤት ከ30 በላይ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱን እንዴት እንምረጥ?

ልጄ ማሲንቆ ትጫወታለች። ሴት ልጅ ማሲንቆ ስትይዝ እምብዛም አይታይም፤ እርሷ ግን ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ከሰፈራችን አንድ አዛውንት አዝማሪ እግር ሥር ተቀምጣ ተምራለች። በሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፤ በትምህርት ቤቷ የድራማ ክበብም ሦስት ተውኔት ተጫውታለች። በክረምት የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ይዞ ይላላና ድምፁ ይታፈናል። ያን ጊዜ ኩሽና ገብታ ከከሰሉ ራቅ አድርጋ ትይዘዋለች፤ በጣቷ ጫፍ መታ መታ እያደረገች ጆሮዋን ትሰጠዋለች። ቆዳው ወጠር ሲል የደጋኑን ጭራ በዕጣን ታሸዋለች፤ ከዚያ ትጀምራለች። እኛ ቤት እራት የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው።

የምፈራውን ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሟ ክራር ይጫወት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ክራሩን በጋቢ ጠቅልዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ልተወው። በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው ያድራሉ፤ አንዱ ሲያጠና ሌላው ይተኛል፤ ክራር የሚመታበት ቦታ አልነበረም። ተመርቆ ሲመጣ ክራሩ ሁለት ክር ብቻ ቀርቶት ነበር። ይኸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ልጁ ቀና ብሎም አያየው። ይህ በእኅቱ እንዲደገም አልፈልግም። እዚያ የኖራችሁ ወይም የምታውቁ ካላችሁ፣ ሙዚቃና ቴአትር ለሚወድ ልጅ ኮሌጅ በምን ይመረጣል?


የፔዳ ልጅ፦

መምህር፣ ልጅቷ እንዲህ ከሆነች ለምን አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አትገባም? ማሲንቆ እዚያ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ክራሩም ዋሽንቱም በገናውም አለ። ምሕንድስና ተምራ ማሲንቆን በትርፍ ጊዜ ከማድረግ ይሻላታል ባይ ነኝ።


ከዓባይ ማዶ፦

ጋሼ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እዚያው ኦክስፎርድ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ አሁን ለክረምት እናቴ ቤት ነኝ። የተማርኩበትን ኮሌጅ ስም ግን አልጠራም፤ ምክንያቱን ሲያነቡ ይረዱኛል።

መጀመሪያ አንዱን ሸክም ላቅልልዎት። እዚያ ቴአትር የኮሌጅ ብቻ አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲው ሁሉ ነው። የድራማ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተ ነው፤ ተማሪው ከየትኛውም ኮሌጅ ይምጣ፣ ተፈትኖ ይተውናል፣ ያዘጋጃል። ኪብል በሚባለው ኮሌጅ ግቢ ኦራይሊ የተባለ ጥሩ ቴአትር ቤት አለ፤ እዚያ ለመጫወት ግን የኪብል ተማሪ መሆን አያስፈልግም። በርተን ቴይለር የሚሉት ትንሽ አዳራሽም አለ፤ የሚይዘው ሃምሳ ሰው ያህል ስለሆነ ጀማሪው ሁሉ የሚሞክረው እዚያ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ለመድረክ ብላ ኮሌጅ አትምረጥ።

ኮሌጁ የሚወስነው የምትለማመድበትን ክፍል ነው። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ኮሌጄን የመረጥኩት ሕንፃውን በፎቶግራፍ አይቼ ነበር። በገናዬን ይዤ ሄድኩ። የሙዚቃ ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ ቁልፉ በር ጠባቂዎቹ ዘንድ ይቀመጣል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። ቀን ቀን ደግሞ ክፍሉ ይያዛል። የትምህርት ወቅቱ ስምንት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ሥራው እንደ ጎርፍ ነው፤ በየሳምንቱ መምህር ፊት ተቀምጠው የሚያስረዱት ጽሑፍ ወይም ስሌት አለ። ለእኔ ፋታ የሚገኘው ሌሊት ነበር፤ ሌሊት ደግሞ ቁልፍ የለም። መኝታ ክፍሌ ውስጥ ስሞክር ጎረቤቴ መጣችና ግድግዳውን የሚነዝረው ምን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችኝ። በገና ዝግ ያለ ነው ቢባልም የክሮቹ ንዝረት ግድግዳ ያልፋል። ተሸማቀቅኩ። በሦስተኛው ሳምንት በገናውን ከአልጋ ሥር አስገባሁት፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አላወጣሁትም። ስለ ክራሩ የጻፉትን ሳነብ እንባ የመጣብኝ ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሴንት ሂልዳስ የምትማር ጓደኛ አገኘሁ። የእርሷ ኮሌጅ በቸርዌል ወንዝ ዳር ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ የሴቶች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተ የሙዚቃ ሕንፃ አላቸው፤ የተሰየመው በታዋቂዋ የቼሎ ተጫዋች በዣክሊን ዱ ፕሬ ነው። ቼሎም እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚገዘገዝ ነውና ስሙን ሳነብ ደስ አለኝ። ኮንሰርት የሚቀርብበት አዳራሽ አለው፤ የመለማመጃ ክፍሎችም አሉት። ጓደኛዬ ከእራት በኋላ መጽሐፏን ዘግታ ግቢውን አቋርጣ ገብታ ትለማመዳለች፤ ማንንም አትለምንም። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስለ መዝሙሩም ልጨምር። አብዛኞቹ ኮሌጆች የጸሎት ቤትና መዘምራን አሏቸው። ኒው ኮሌጅ፣ ክራይስት ቸርችና ሞድሊን (አጻጻፉን አይታ «ማግዳለን» እንዳትል ይንገሯት) በትምህርት ወቅት በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይዘምራሉ፤ ጥብቅ ሥራ ነው። የኒው ኮሌጅ መዘምራን እ.ኤ.አ. ከ1379 ጀምሮ የዘለቁ ናቸው። ሜርተንና ክዊንስ ሴትና ወንድ አብረው የሚዘምሩባቸው ጠንካራ መዘምራን አሏቸው፤ ለተመረጡት መጠነኛ የገንዘብ ድጋፍም ይሰጣሉ። ችግሩ፣ ፈተናው ላይ ያላዩትን ኖታ አንብቦ ወዲያው መዘመር አለ። እኛ ዜማ የተማርነው በጆሮ፣ በቃል ነው፤ ልጅዎ ኖታ ካላነበበች ከዛሬ ትጀምር። ሌሎች ኮሌጆች ግን ፈተና ሳይበዛ የወደደውን ሁሉ ይቀበላሉ። ማንም አያስገድዳትም፤ ሃይማኖቷን በሚመለከት አይስጉ።

አንድ ቀን ብቻ ላንሳ። በየዓመቱ እንደ እነርሱ አቆጣጠር ሜይ 1፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሞድሊን መዘምራን ግንቡ ጫፍ ላይ ወጥተው ይዘምራሉ፤ ከተማው ሁሉ ከሥር ቆሞ ያዳምጣል። ቀኑን ቆጥረው ይዩት፤ ሚያዝያ 23 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ድልድዩ ላይ ቆሜ ቀና ብዬ ሳዳምጥ፣ በዚያችው ሰዓት ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ታቦቱ ሊወጣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሐይቁ ዳር መሰብሰቡን አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አልቀረሁም።

ለማሲንቆው፦ ክፍሏ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተገጠመ ማሞቂያ ይኖራል። አጠገቡ አታስቀምጠው፤ ቆዳው ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። የእኔ በገና የተሰነጠቀው እንዲሁ ነው። ዕጣኑን ለጭራው ትያዝ፣ እንዳታጨሰው ግን፤ የጭስ መቆጣጠሪያው ይጮኽና ሕንፃው በሙሉ ደጅ ይወጣል።

የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 15 ነው፤ ጥቅምት 5 ማለት ነው። ኮሌጅ ሳይመርጡ ክፍት አድርጎ ማመልከትም ይቻላል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይመድባታል። የመረጠችው ኮሌጅ ባይቀበላትም ሌላው ሊወስዳት ይችላል፤ ስለዚህ ምርጫው እንቅልፍ አይንሳዎት። ሁሉም ኮሌጅ ሁሉንም ትምህርት ስለማያስተምር መጀመሪያ ምሕንድስና መኖሩን ታረጋግጥ። ሪች ኦክስፎርድ የሚባለውንም የነጻ ትምህርት ዕድል ይዩት፤ ክፍያውን፣ ኑሮውንና በዓመት አንድ የደርሶ መልስ ትኬት ይሸፍናል። የሚሰጠው ለጥቂቶች ነው፤ ደንቡንም በጥሞና ያንብቡ፤ ትምህርቱን በአገራቸው ማግኘት ለማይችሉ ነው የሚለው።


የመድረክ ሰው፦

ወንድሜ መምህር፣ እኔ ኦክስፎርድን በዐይኔ አላየሁም፤ ሕይወቴን በሙሉ ግን የቆምኩት መድረክ ላይና ከመድረክ ጀርባ ነው። ልጅህን ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ ሳላያት አልቀረሁም፤ ማሲንቆ ይዛ የምትገባ አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች።

አንድ ነገር አንብቤ ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሎኛል። ዉስተር የሚባል ኮሌጅ ግቢው ውስጥ ሐይቅ አለው፤ ተማሪዎች በበጋ ዳርቻው ላይ ተውኔት ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1949 አንድ አዘጋጅ፣ መንፈስ ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ በመጨረሻው ትዕይንት በውኃው ላይ አስሮጠው። ከውኃው ወለል ጥቂት ዝቅ አድርገው፣ እንዳይታይ መረማመጃ ዘርግተው ነበር። ተመልካቹ የሚያየው ሰው ውኃ እየረገጠ ወደ ጨለማው ሲርቅ ነው። ጣና ዳር ታንኳ ሲቀዝፉ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝና ይህን ሳስብ ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። ያ መረማመጃ የሰው ክብደት እንዲችል፣ እንዳይንሳፈፍ፣ እንዳይንሸራተት ያሰላው ሰው አለ። የእኛ መድረክ የተጎዳው በተዋናይ እጦት ሳይሆን መብራቱን፣ ድምፁንና ግንባታውን በዕውቀት የሚሠራ ሰው በማጣት ነው። ልጅህ እንግሊዝኛዋ እስኪፈታ ድረስ በመጀመሪያው ወቅት ሚና ላታገኝ ትችላለች፤ ቅር እንዳይላት። ወደ መብራቱ ትሂድ። ምሕንድስና የሚማር ልጅ መብራት ላይ ሲመጣ እጁን የማይስመው አዘጋጅ የለም፤ እዚያም እንደዚሁ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ መድረኩ ራሱ ይጠራታል። የፔዳ ልጅ ያልከውም ክፉ አይደለም፤ እኔ ግን ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ናፍቆኛል።


የጣና ዳር መምህር፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የጻፋችሁትን ትናንት ማታ ለልጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። የፔዳ ልጅ፣ ያሬድን እኔም አንስቼባት ነበር፤ እርሷ ግን የመስኖ ውኃ ካልገባበት የጎጃም ቆላ ሌላ ነገር አይታያትም፤ ምሕንድስናውን አትለቅም።

ሐይቁ ላይ ስለሮጠው ተዋናይ ሲነበብ ካነበብኩበት አስቁማ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ዉስተር ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ሐይቅ እዚህም አለኝ፤ እኔ የምፈልገው ክፍሉን ነው» አለች። ሴንት ሂልዳስና ኪብል ምሕንድስና እንዳላቸው አረጋግጣለች፤ የኪብል ግቢ ከምሕንድስናው ሕንፃ አጠገብ መሆኑንም ካርታ ላይ አሳየችኝ። አንቺ ከዓባይ ማዶ ያለሽው እኅቴ፣ ባንቺ ምክር ለሁለቱም ኮሌጆች ደብዳቤ ጽፋለች። ስለ ሕንፃው ዕድሜና ስለ ስሙ አንድ ቃል የለበትም። የጠየቀችው የሙዚቃው ክፍል እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ በደጋን የሚጫወቱት ባለ አንድ ክር መሣሪያ ጎረቤት ሳያስቸግሩ የሚለማመዱበት ቦታ መኖሩን ነው። መልስ ሲመጣ እዚህ አሰፍረዋለሁ።

ወንድሟም አጠገባችን ተቀምጦ ሲያዳምጥ ነበር። ስለ ክራሩ የጻፍኩትን ባላነበው ወደድኩ፤ ግን ዘልዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ አነበብኩት። ምንም አልተናገረም። ዛሬ ጠዋት ከገበያ ስመለስ የክራር ክር የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።