ባለ ሦስት ስለት ሰንጢዬን በባለ አንድ ልቀይረው?

ማንኪያ ጠራቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስቶክማን የሚባለውን ባለ ሦስት ስለት ሰንጢ ከያዝኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ትርፍ ጊዜዬን የእንጨት ማንኪያ ስጠርብበት ነው የማሳልፈው። ከሦስቱ ግን የምገለገለው በአንዱ ነው፤ አፉ ቀጥ ብሎ ጀርባው ወደ ጫፉ ጎበጥ እያለ በሚወርደው። ረጅሙና ሹሉ አልፎ አልፎ ፖስታ ይከፍትልኛል። ሦስተኛው፣ ጫፉ ዱልዱም የሆነው፣ ከብት ለማኮላሸት ተብሎ የተሠራ ነው። ጥፍር በሚገባበት ጎድጓዳው ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆበታል።

መዳፌ ነው ያስቸገረኝ። ጠንካራ እንጨት ላይ ገፋ ሳደርግ የታጠፉት ስለቶች ከእጀታው ወጣ ብለው ይቆረቁሩኛል፤ ግማሽ ሰዓት ከሠራሁ አውራ ጣቴ ሥር ሁለት ቀይ መስመር ታትሞ ይቀራል። ባለ አንድ ስለት ልግዛ ወይስ ሁለቱን ነቅዬ ላውጣቸው?

አሮጌ ሰንጢ፦
ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትነቅላቸው! እኔ ሞክሬው የአጥንት እጀታውን ሰንጥቄዋለሁ። ምስማሩ በሁለቱም በኩል ተቀጥቅጦ የታሰረ ነው። ደግሞም ሦስቱ ስለቶች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሞላ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ሲታጠፉ እንዳይፋጩ ከሥራቸው ትንሽ ወደ ጎን ይጠመዘዛሉ። ሁለቱን ብታወጣም የቀረው ጠመም ብሎ ይተኛል፣ እጀታውም ያው ወፍራም ነው። ከመጀመሪያው በአንድ ስለት የተሠራው ግን አንድ ሞላ፣ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚተኛ ስለት፣ ቀጭን ወገብ ነው ያለው። ስትገዛ አጥፈህ ከላይ እየው፤ ስለቱ ግራና ቀኙን መንካት የለበትም።

ቀጥ ያለ አፍ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ትራፐር የሚባለው ባለ ሁለት ስለት ነው፤ በአንድ ስለት ሲሠራ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ሹሉ ነው። አንተ የምትፈልገው ደግሞ ቀጥ ያለውን። ባርሎ የሚባለውን ሰንጢ ፈልግ። ከድሮም በአንድ ስለት ሲሠራ የኖረ ነው፣ አፉ ቀጥ ያለውም አለ፤ ማጠፊያው ጋ ያለው ረጅም ብረትም ያጠነክረዋል። ብቻ ቁልፍ የለውም፣ የሚይዘው ሞላ ነው። በጫፉ እንዳትፈለፍልበት፣ ጣትህ ላይ ይታጠፋል።

ሁለት ይሻላል፦
እኔ ወደ ባለ አንዱ ሄጄ ተመልሻለሁ። በአንዱ ፕላስተር ቆርጬ፣ ሙጫው ሳይለቅ በዚያው ፍራፍሬ መላጥ አልቻልኩም። ስቶክማኑን አትሽጠው።

ማንኪያ ጠራቢ፦
አመሰግናለሁ። አልነቅልም፣ አልሸጥም። አፉ ቀጥ ያለ ባርሎ እፈልጋለሁ፤ ስቶክማኑ ለፍራፍሬና ለካርቶን ይቀመጥ። አዲስ ሞላ ጥፍር ይሰብራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

አሮጌ ሰንጢ፦
አንዳንዱ ይጠነክራል። ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርግና ደጋግመህ ክፈት፣ እጠፍ። ጥቁር ዝቃጭ ሲወጣ በጨርቅ ጥረገው፣ እንደገና ዘይት ጠብ አድርግበት።