ከጅማ ሆኖ የሐሩር አካባቢ አውሎ ነፋስን ማጥናት ይቻላልን?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በጅማ የፊዚክስ ተማሪ ስሆን፣ ብርቱ ነጎድጓድንና የሐሩር አካባቢ አውሎ ነፋስን የሚመረምር የከባቢ አየር ሳይንቲስት ለመሆን አጥብቄ እሻለሁ። ከባሕር በራቀና ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ጥናት ትርጉም ይኖረዋልን? ከምንስ ልጀምር? ምክራችሁን የምትጠብቅ እኅታችሁ።

መልስ 1፦
እኅቴ፣ ሐሪኬን (በአትላንቲክ በኩል የሚነሣው ብርቱ የሐሩር አካባቢ አውሎ ነፋስ) ለመፈጠር 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ የባሕር ውኃ ስለሚፈልግ ጅማ አይደርስም። ሆኖም በክረምት በኢትዮጵያ ተራሮችና በሱዳን ላይ የሚገነባው ነጎድጓዳማ ደመና ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የአየር ሞገድ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ከእነዚህ ሞገዶች ጥቂቶቹ ምዕራብ አፍሪካን አቋርጠው አትላንቲክ ውቅያኖስ ከደረሱ በኋላ ወደ ሐሪኬንነት ያድጋሉ፤ እጅግ ብርቱ ከሆኑት የአትላንቲክ ሐሪኬኖችም አብዛኞቹ የሚነሡት ከእንዲህ ዓይነቱ ሞገድ ነው። የምትኖሪው እንግዲህ ከመነሻው አቅራቢያ ነው።

መልስ 2፦
በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ግን በቅድሚያ የጅማን የከሰዓት ነጎድጓድ እንዲያጠኑ እመክራለሁ። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ እርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣል፣ በደመናው ውስጥም የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ሙል ይለያያል፤ መብረቅ የሚፈጠረውም በዚህ ነው። ሜቴዎሳት የተባለው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው የሚያነሣውን ምስል ደመናው ከጀመረበት ሰዓት ጋር በየዕለቱ እያስተያዩ ይመዝግቡ። ቴርሞዳይናሚክስን (የሙቀትና የኃይል ጥናትን)፣ የፈሳሽና የጋዝ እንቅስቃሴን እንዲሁም ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ በሚገባ ይማሩ። ነጎድጓድ ሲሰማ ግን፣ አደራ፣ ምልከታው ከቤት ውስጥ ይሁን።

ጠያቂዋ፦
ከልብ አመሰግናለሁ፤ መዝገቡን ነገ እጀምራለሁ።